ሐጂ ቡሽራ የበሉት ወጥ

ወይዘሮ ለተማርያም ባላቸው ከሞቱ በኋላ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቁረብ። የሐረር ክርስቲያን ሴቶች ባል ሲሞትባቸውና ልጅ ሲወጣላቸው ብዙዎቹ ወደዚያው ያዘነብላሉ። ጥቁሩን ልብስ አውልቀው ነጭ ይለብሳሉ፣ ጠዋት ጠዋት መድኃኔዓለም ደጅ ይገኛሉ፣ ከዚያ አንድ እሑድ ከቆራቢዎቹ ጋር ተሰልፈው ይታያሉ። ሰፈሩም "እሷማ ቆራቢ ሆናለች" ብሎ ከሐሜቱም ከግርግሩም ለይቶ ይተዋቸዋል።

እሳቸው ግን የባላቸው የአቶ ተክለጻድቅ ተዝካር ካለፈ በኋላም ብዙ ጊዜ ቆዩ። ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ የቁርባኑ ሰዓት ሲደርስ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ይቆማሉ። ጉልበታቸው ነው ያለም ነበር፣ ልጃቸው ዮዲ እስክትመጣ እየጠበቁ ነው ያለም ነበር። ምክንያቱን በኋላ ያጫወቱኝ ራሳቸው ናቸው።

ቤታቸው ከከተማው ግንብ ኤረር በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኗቸው ወይዘሮ ናፊያ ናቸው። ሁለቱም ወደዚያ መንደር ሙሽራ ሆነው የገቡት በተቀራረበ ጊዜ ነው። የናፊያ ልጅ ለይላ ያደገችው በለተማርያም ጀርባ ላይ ነው፤ ዮዲ ደግሞ ፊደል ሳትቆጥር በሐረሪኛ ትሳደብ ነበር። በረመዳን ለተማርያም ሳምቡሳ ጠቅልለው ይልካሉ፤ በሁዳዴ ናፊያ ሥጋ ሲጠብሱ መስኮቱን ይዘጋሉ። የማይገናኙት በሥጋ ብቻ ነበር። ክርስቲያኑ የእስላሙን እርድ አይበላም፣ እስላሙም የክርስቲያኑን። ይህ በሐረር ጠብ ሆኖ አያውቅም። ሰርግ ያለው ሰው ሁለት ዳስ ይጥላል፣ ሁለት ኩሽና ያሰናዳል፣ በቃ።

የዮዲ ሰርግ ትዝ ይለኛል። ለሙስሊም እንግዶች የቀረበውን በሬ "ቢስሚላህ" ብለው ያረዱት የናፊያ ባል ሐጂ ቡሽራ ነበሩ። ወጡን ናፊያና ጓደኞቻቸው ሠሩት፤ በየድስቱ ጆሮ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አስረው ነበር፣ ጭልፋ እንኳ እንዳይቀላቀል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሁሉም ነገር መልካም ሄደ። ከዚያ የኤረር ሙስሊም ገበሬዎች መጡ፣ አንድ አይሱዙ ሙሉ። ማሽላቸውን ለአቶ ተክለጻድቅ የሚያስረክቡ ሰዎች ናቸው፤ መኪናው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ዘግይተዋል።

ለተማርያም አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበትን ድስት ከፍተው አዩ። ታች ዘይት ብቻ ነው የቀረው። ናፊያ ሙሽራዋ ጋ ገብተዋል፣ ሌሎቹ ሴቶች ለሰላት ተነሥተዋል። እንግዳው ተቀምጦ እጁን ታጥቧል። በወዲያኛው ኩሽና ያለው የክርስቲያኑ ድስት ግን ገና ግማሽ አልደረሰም።

"አላሰብኩትም" አሉኝ ለተማርያም። "እጄ ነው ያሰበው። ባዶ ሳህን ይዤ ልወጣ ነው? ከሩቅ የመጣ ሰው በልጄ ሰርግ ጦሙን ሊመለስ ነው?"

ቀድተው ወጡ። ገበሬዎቹ ሳህኑ የመጣው በክርስቲያኑ ኩሽና በር መሆኑን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ለሌላው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለው። ይህን ጊዜ ሐጂ ቡሽራ ከዳሱ ጫፍ ተነሥተው መጡ፣ የወፈሩ፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ።

"አቦ ምን ታያላችሁ?" አሏቸው። "ይሄ የለተ እጅ እኮ ነው! የለተ ቤት የኔ ቤት ነው። በኔ ይሁን፣ ብሉ!"

ብለውም፣ ወጡ ያው እሳቸው ካረዱት በሬ መስሏቸው፣ መጀመሪያ የቆረሱት ራሳቸው ናቸው። ለተማርያም ቆመው አዩዋቸው። አንድ ቃል፣ "ቆይ" የሚለው ብቻ ይበቃ ነበር። ከአፋቸው የወጣው ግን "ብሉልኝ" የሚለው ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓመታት አለፉ። ሐጂ ቡሽራ ሞቱ፤ ለተማርያም ከናፊያ እኩል አለቀሱ፣ እንዲያውም የሚያስተዛዝኑት ሰዎች ግራ እስኪገባቸው። በየዓመቱ ለንስሐ አባታቸው ይናዘዛሉ። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፉትን ጾም ይናገራሉ፤ ይህን አይናገሩም። ወጥ ነው ሲሉ ነገሩ ያንስባቸዋል። "በኔ ይሁን" ያሉትን ሰውዬ ሲያስቡ ደግሞ አፋቸው ይያዛል። በዚህ መሐል የድሮው የንስሐ አባት አረፉ፤ የእሳቸውን ነፍስ የተረከቡት ቄስ ኤልሳዕ በዕድሜ የዮዲ እኩያ ናቸው።

አንድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ለተማርያም ቄሱ አጠገብ ተቀመጡ።

"አባ፣ እኔ ሰው ቀምቼ አላውቅም። ሰው ግን አብልቻለሁ።"

"ማብላትማ ጽድቅ ነው፣ እማማ" አሉ ቄሱ ፈገግ ብለው።

ለተማርያም ነገሯቸው። የቄሱ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ወይዘሮ ናፊያ ያውቃሉ?"

"አታውቅም።"

"ይንገሯቸዋ።"

"ስኳር አለባት፣ አባ። ትታመምብኛለች።"

"ንስሐ እኮ እርስዎ ልብ ውስጥ ያለውን አምጥቶ እኔ ጆሮ ላይ ማፍሰስ አይደለም። መመለስ ነው። የተበደለ ሰው ካለ፣ ዕርቁ ከቁርባኑ ይቀድማል።"

"እሱ ይገባኛል። ግን እኔ እንዲቀለኝ ብዬ እሷ ላይ ልጫንባት? ይሄስ ሌላ በደል አይሆንም?"

ቄስ ኤልሳዕ የመስቀላቸውን እጀታ ሲያሻሹ ቆዩ። "እሱን አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። "የማውቀው፣ ሳይነግሯቸው እግዚአብሔር ይፍታዎ ለማለት አፌ እንደማይታዘዝልኝ ነው።"

ለተማርያም አንድ ቀን አምባሻ ይዘው ወደ ናፊያ ሄዱና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተው ተመለሱ። ሌላ ቀን ሄደው ስለ ዮዲ ልጆች አወሩ። ናፊያ ስፌት ይሰፉ ነበር፤ ያሁኑ ልጆች በማሽን ቀለም በተነከረ ሰበዝ እየሰፉ ለቱሪስት ይሸጣሉ እያሉ ይራገማሉ፣ ግን ዓይናቸው ከለተማርያም ፊት አልተነሣም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰሞኑን እንደ ሽማግሌ ትንቆራጠጪያለሽ። ልትድሪኝ ነው?"

"ናፊ፣ ተዪኝ እስቲ።"

"በዚህ ጥርሴ ማን ይወስደኛል? ሽማግሌ ከሆነ አልፈልግም፣ አስታሚ መሆን ሰልችቶኛል። ወጣት ፈልጊልኝ!"

ለተማርያም ሊስቁ ብለው አለቀሱ። ሲያለቅሱም ተናገሩት፣ ከድስቱ ጀምረው እስከ "ብሉልኝ" ድረስ። የናፊያ ወስፌ ሰበዙ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

"እኔም በልቻለሁ?"

"አልበላሽም። አንቺ ዮዲ ጋ ነበርሽ።"

"ቡሽራ ነው የበላው።"

"አዎ።"

"በኔ ይሁን ብሎ።"

"አዎ፣ ናፊ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

ናፊያ ወስፌውን ነቅለው ስፌቱ ላይ አስቀመጡት። ቁጣ አልታየባቸውም። ቢቆጡ ይሻል ነበር አሉኝ ለተማርያም።

"እኔ አፉ ብዬሻለሁ" አሉ ናፊያ። "የኔ የሆነውን ሁሉ፣ ድስቱንም፣ ልፋቴንም፣ አፉ። የቡሽራን ሐቅ ግን ከየት አምጥቼ ልበልልሽ? እሱ ነው የሚለው።" ስፌቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። "በሕይወት እያለ ብትነግሪው ወላሂ ይስቅ ነበር። መጀመሪያ ይቆጣሻል፣ ከዚያ እየሳቀ ላገሩ ሁሉ ያወራው ነበር።"

ለተማርያም የሆነውን ለቄስ ኤልሳዕ ነገሩ። ገበሬዎቹንም አነሡ፤ ግማሾቹ ሞተዋል፣ የቀሩትን የሚያውቋቸው አቶ ተክለጻድቅ ነበሩ፣ እሳቸውም የሉም። ቄሱ ለረጅም ጊዜ ከሰሟቸው በኋላ፣ የሚቻለውን አድርገዋል፣ የማይቻለውን ለሚችለው ይተዉት አሏቸው። ቀኖና ሰጧቸው፤ ጾም፣ ጉልበታቸው የፈቀደውን ያህል ስግደት፣ ለነዳያን ምጽዋት። ሲጨርሱ ቄሱ መስቀሉን በለተማርያም ራስ ላይ አድርገው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏቸው። በጽጌ ወር አንድ እሑድ ቆረቡ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በፈረስ መጋላ አደባባይ በኩል ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። ከዓመታት በኋላ ቀና ብለው ሲሄዱ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ አምባሻ ጋግረው ለናፊያ ወሰዱ።

"ጾመኛ ነኝ" አሉ ናፊያ።

ሰኞ ነበርና ለተማርያም አልገረማቸውም፤ ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ሙስሊም ብዙ ነው። ረቡዕ ተምር ይዘው ሄዱ። ናፊያ አሁንም ጾመኛ ናቸው። ተምሩን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። ዓርብ ለተማርያም ባዶ እጃቸውን ሄዱና የናፊያን ከንፈር አዩ፤ ደርቋል። ከቤቴ ላለመብላት ብላ ነው ሲሉ አሰቡ። ያ ቢሆን ይገባኛል፣ እችለው ነበር ይላሉ።

ነገሩን የነገረቻቸው ለይላ ናት። አዲሱ ከተማ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ባጃጁን መንደሩ አፍ ላይ አስቁማ ወደ እሳቸው ቤት ገባች። የገዛ እናቷ ጋ ከመግባቷ በፊት።

"እማ ለተ፣ እናቴ ሁሉንም ነግራኛለች" አለች። "እኔ ምንም አልቀየምኩም፣ ሰርግ ነው፣ ይደርሳል። እሷ ግን ለአባቴ እየጾመች ነው። ሼኹን አስጠይቄላታለሁ፤ ሳያውቅ የበላ ሰው ወንጀል የለበትም ብለዋታል። ለመነችኝ፣ ደግመሽ ጠይቂልኝ አለችኝ፣ ደግሜ ጠየቅኩ፣ መልሱ ያው ነው። ስኳሯ ወርዶ ባለፈው ሰላት ላይ ወደቀች። ሐኪሙ እንዳትጾም ከልክሏታል።"

"ወደቀች?"

"አልነገረችዎትም አይደል? እባክዎ እርስዎ ይንገሯት። እርስዎን ትሰማለች።"

ለተማርያም ያኔውኑ ወደ ቄስ ኤልሳዕ ሄዱ። "አባ፣ የኔን ቀኖና እሷ እየጾመችው ነው" አሏቸው። "ለኔ ይጨምሩልኝ። የሷን ለኔ ያድርጉት።"

"የእርስዎ አልቋል፣ እማማ። የተፈታ ኃጢአት ሁለተኛ ቀኖና አይሰጥበትም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟቸው። እጸልይላችኋለሁ አሉ፤ መጸለያቸውም አይቀርም፣ ቅን ሰው ናቸው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ለተማርያም ናፊያ ጋ ገቡ። ናፊያ ትራስ ተደግፈው በቤቱ መደብ፣ በነደባው ላይ ጋደም ብለዋል፣ ስፌቱ አጠገባቸው ነው፣ አይሰፉም።

"ናፊ፣ ተዪው" አሉ ለተማርያም። "ሼኹም ምንም የለበትም ብለዋል።"

"ሰማሁ።"

"ልጅሽ እያለቀሰች ነው።"

"እሷ ድሮም አልቃሻ ናት፣ ባንቺ ጀርባ ያደገች።" ናፊያ ትንሽ ሳቁ፣ ከዚያ አፋቸው ደረቀና ተዉት። "ለተ፣ ያ ሰውዬ በቃሉ አይቀልድም ነበር። በኔ ይሁን ብሎ ያን ሁሉ ሰው አብልቷል። ምናልባት ምንም አይደለም። ምናልባት ደግሞ እዚያ ይጠየቅበት ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ? ልቤ አላርፍ አለኝ።"

"እኔ ልጹምለት።"

"ያንቺ ጾም ያንቺ ነው፣ ለሱ አይደርስም።"

"እስከ መቼ ነው የምትጾሚው?"

"ልቤ እስኪያርፍ።"

"ካላረፈስ?"

ናፊያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለተማርያም የተኙ መስሏቸው ሊነሡ ሲሉ ናፊያ እጃቸውን ያዙአቸው። የናፊያ እጅ ቀዝቃዛ ነበር።

"አንቺ ቆርበሻል። ተፈተሻል። እውነቱን ንገሪኝ፣ ልብሽ አርፏል?"

ለተማርያም ሊዋሹ አልፈለጉም፤ የናፊያን እጅ ግን አልለቀቁም። ከውጭ የአስር ሰላት አዛን መሰማት ጀመረ። ናፊያ ለመነሣት ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ለተማርያም ደግፈው አስነሧቸው፤ ለሰላት የሚታጠቡበትን የውዱ ውሃ ቀዱላቸው፣ እንዳይወድቁም እስኪጨርሱ ድረስ ከጀርባቸው ቆሙ።