ለጅዳዋ በረንዳ ሐይቅ ገበያ ላይ ተክል ስንመርጥ

እኔ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባልዲ፣ ጆግ፣ ጀሪካን የፈለገ ሰው እኔ ጋ ይመጣል። ሌላ ቦታ ሄዶ የገዛውም ሲሰበርበት እኔ ጋ ይመጣል። ስለ አበባ የማውቀው ሳፋ ላይ የተሳለውን ያህል ነው። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ከጅዳ ደውላ «እትዬ፣ ዛሬ አበባ ታስመርጪኛለሽ» ስትለኝ መጀመሪያ የመሰለኝ የመጋረጃ ጨርቅ ነው።

«የምን አበባ?»

«የእውነቱን ነዋ! ውኃ የሚጠጣ፣ የሚያድግ።»

«የሚደርቅም» አልኳት።

እዚህ ላይ መቀለድ አልነበረብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ጅዳ ከገባች ጀምሮ ለዓመታት የኖረችው በሰው ቤት ነው፤ የሰው ወለል ስትወለውል፣ የሰው አበባ ስታጠጣ። የራሷን ኪራይ ቤት ያገኘችው ካገባች ወዲህ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ወደ ባሕሩ የምታይ አንዲት በረንዳ አለችው። በረንዳዋ አንድ ወንበር ታስገባለች፤ ተቀምጦ እግር መዘርጋት ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። እህቴ ከሳሎኑም ከመኝታ ቤቱም አስበልጣ የምትወደው እሷን ነው። «እዚህ አገር ላይ ማንም ሳይጠራኝ ሰማይ የምመለከትባት ቦታ ይቺው ናት» ትላለች።

ባሏ የአምባሰል ልጅ ነው። ሾፌር ነው፤ ሥራ ወዳድ፣ ሰው አክባሪ። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ባዶ ቦታ ሲያይ ዕቃ ካልጫነበት እንቅልፍ አይወስደውም። በረንዳዋን በአሉሚኒየም ዘግቶ መጋዘን ሊያደርጋት ተነሳ። የምን መጋዘን? የካርቶን። ካርቶኑ ውስጥ ምን አለ? ብርድ ልብስና ፔርሙስ። ለማን ሊላክ? ለእኔ ሱቅ። እንግዲህ በዚህ ክርክር ውስጥ እኔ ያለሁበትን ቦታ እናንተው ገምቱት።

እህቴ በረንዳዋን አረንጓዴ ለማድረግ ሁለት ጊዜ ሞክራለች። መጀመሪያ ከአገር በሰው እጅ የሄደላትን የበሶብላና የጤና አዳም ዘር ዘራች። በቀለላት። ከዚያ የባሕሩ ነፋስ ጨዉን ይዞ መጣና ጠበሰው። ቀጥላ ጽጌረዳ ገዛች። እሱም እንጨት ብቻ ሆኖ ቀረ። ባልየው እንጨቱን እያየ በረንዳዋን ሊለካ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። «አንዴ ድገሚ። የአሁኑም ከደረቀ ግን እዘጋታለሁ» አላት። እሺ አለች። ምን ትበል?

ታዲያ በቪዲዮ የደወለችልኝ እዚያው ጅዳ፣ ተክል መሸጫ ውስጥ ቆማ ነው። ቀኑ እዚህ የገበያ ቀን ነበር። ምስሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ ስልኩን ከተደረደሩት ሳፋዎች ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ወዲያው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ትቶ ተነሳ። ጀሪካን ሊገዙ የመጡ፣ ከአምባሰል ቆላ የወጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬም ጀሪካኑን እንደታቀፉ ተጠጉ። ከዚያ በኋላማ ማን እንደመጣ አላየሁም። ሱቄ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም፤ ባልዲ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

«ጫት ትትከል!» አለ አንድ የባጃጅ ሾፌር ከኋላ። «ጥላም ይሆናታል፣ ምርቃናም ይሆናታል።»

«እትዬ፣ ያን ሰውዬ ከስልኩ አርቂልኝ!» ጮኸች እህቴ። «እዚህ ያሳስራል እኮ፣ በአላህ!»

ሻጩ ጎልማሳ የመናዊ ነው፤ ማራገቢያ ፊት ተቀምጧል። እህቴ አንድ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ አበባው እንደ ጽዋ የተከፈተ ተክል አነሳችና አፏን ከፈተች።

«እትዬ፣ እንዴት ያምራል መሰለሽ!»

«ያምራል አትበዪ! ፊትሽን አጨማድጂ። ሥሩ ታሟል በዪው።»

በዓረብኛ አለችው። ሰውየው ተነሳ፣ ተክሉን ከነአፈሩ መዠረጠው፣ ነጭ ጤነኛ ሥሩን ወደ ስልኩ አቀረበው። ይሄኔ የእኔ ጉዶች ባንድ አፍ «ማሻ አላህ!» አሉ። ልብስ ሰፊው እንኳ በእስጢፋኖስ እየማለ አደነቀ። ክርክሬ እዚያው አፈር በላ። ሻጭ ፊት ዕቃውን የሚያደንቅ ወገን ይዞ ገበያ መውጣት እንዴት እንደሚያቃጥል የነገደ ያውቀዋል።

ሌላ ዘዴ ነበረኝ። እዚህ አገር ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ዘዴ ነው።

«ትተሽው ውጪ» አልኳት። «ይጠራሻል።»

እህቴ ተክሉን አስቀመጠች፤ ሐይቅ ገበያ ላይ እንዳሳደግኳት ቀስ ብላ፣ ግድ የሌላት መስላ መራመድ ጀመረች። ሱቁ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ሁላችንም «ነይ እሺ፣ ነይ!» የሚለውን ድምፅ እየጠበቅን ነው። የሚሰማው ግን የሸበጧ ድምፅ ብቻ ነው።

«ቀስ በዪ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ከዚህ በላይማ መቆም ነው።»

«ጫማሽን ለማሰር ጎንበስ በዪ።»

«ሸበጥ ነው ያደረግኩት!»

«ዞር ብለሽ እዪው» አላት ልብስ ሰፊው።

«እንዳትዞሪ!» አልኩ እኔ። «ከዞርሽ አለቀልሽ።»

አስፋልቱ ላይ ወጣች። ፀሐዩ ስልኩን ነጭ አደረገው። በመጨረሻ ዞረች። ሰውየው ማራገቢያው ፊት ተመልሶ ተቀምጦ የራሱን ስልክ ያያል። ለካስ እዚያ ዋጋው በየተክሉ ላይ ተለጥፏል፤ የወጣ ይወጣል፣ የገባ ይገባል፤ ማንም ማንንም አይጠራም። ሱቄ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። እህቴ ግን አልሳቀችም።

«አሁን በምን ፊቴ ልመለስ? አልገዛም ብዬው ወጥቼ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እትዬ፣ ባሌ እኮ አሉሚኒየም የሚሠራለትን ሰው ሳይቀር አነጋግሯል።»

ሳቁ ቆመ። እሷ በባሕሩ ዳር መንገድ ትሄዳለች። ስልኩን ወደ ታች ይዛዋለች፤ የምናየው ግድግዳና አጥር ብቻ ነው። ድንገት ሽማግሌው ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ቆዪ፣ ልጄ። ያንን ግንብ መልሰሽ አሳዪኝ።»

መለሰችው። አሮጌ ግንብ ነው፤ ባሕሩ ፊት ለፊቱ ነው። ሥሩ ላይ እሬት ተደርድሯል፤ ወፍራም፣ ጤነኛ። በላዩ ደግሞ በየሆቴሉ አጥር ላይ የምትንጠለጠለው፣ አበባዋ ወረቀት የምትመስል ሐምራዊ እሾሃም ሐረግ ተንዠርግጋለች።

«ይሄን ማን ያጠጣዋል?» ጠየቁ።

እህቴ ግራ ቀኝ አየች። «ኧረ ማንም የሚያጠጣው አይመስልም፣ አባባ።»

«በቃ። እኛም ቆላ አጥር ስናጥር እንዲህ ያለውን ነው የምንፈልግ። ቅጠሉ ወፍራም ሆኖ ሰም የተቀባ የሚመስለውን፣ ወይ እሾሃሙን። ፍየል የማይደፍረው፣ ውኃ ስጡኝ የማይል። ያን ስስ ቅጠል ተይው፤ ያ የጥላ ልጅ ነው።»

«አባባ፣ እኔ እኮ የፈለግሁ አጥር አይደለም፤ አበባ ነው!»

«እሬት አያብብም እንዴ? ሐረጓስ ምን ለብሳ ነው የምታዪያት?»

እህቴ ሐረጓን ቀና ብላ አየች። እንባዋን በሻርፕዋ ጠረገችና ተመለሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «እትዬ፣ አሁን ግን አንቺ አትናገሪም» አለችኝ። እሬቱንና ሐረጓን በተለጠፈው ዋጋ ስትገዛ እኔ ሐይቅ ላይ ሆኜ አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

አልተናገርኩም ነበር፤ መትከያው ላይ ግን አልቻልኩም። ሻጩ ተክሉ የሚገባበትን ዕቃ ሲያነሳ ከሥሩ ቀዳዳ አየሁ።

«ቀዳዳ ነው! ቀዳዳ ሊሸጥልሽ ነው! መልሺው!»

ሌላ አነሳ። እሱም ቀዳዳ። «ሁሉም ተቀዷል! ሰውየው የወደቀ ዕቃ ነው የሚሸጠው!» ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ወደ ፀሐይ አንስቼ የማየው እንዳያፈስ ብዬ ነው፤ ሌላ ምን ልበል? ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ውኃው እንዲወጣ ነው፣ እናቴ። ካልወጣ ሥሩ ይበሰብሳል።»

ገበያው ለሁለተኛ ጊዜ በእኔ ሳቀ። ክብሬን ያስመለስኩት ወዲያው ነው። እህቴ ርካሹን፣ ስሱን ጥቁር ፕላስቲክ ልትወስድ ስትል አስቆምኳት። እሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ እጅ ያቃጥላል፣ ውስጡ ያለውን ይቀቅላል፣ ከርሞ ይሰነጠቃል። «ሸክላውን ውሰጂ» አልኳት። ሱቅ ሙሉ ደንበኛ ፊት፣ በራሴ አፍ፣ ከፕላስቲክ ሸክላ ይሻላል አልኩ። ልብስ ሰፊው ግንባሬን ዳሰሰኝ፤ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት ነው አለ።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ምርቃት ጠይቂው! እንዴት ባዶሽን ትወጫለሽ?» ሸጠን ስናበቃ ከላይ ጣል የምናደርገውን ማለቴ ነው። እህቴ አፍራ አፍራ አስረዳችው። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ከእናቲቱ ሥር አንዲት ጣት የምታህል እሬት ነቅሎ በጋዜጣ ጠቀለላት። ሐይቅ ላይ ጭብጨባ ሆነ።

ባልየው ማታ ሜትሩን ይዞ ነበር የጠበቃት። ሸክላዎቹን አየ፣ ጎንበስ አለ፣ የእሬቱን ቅጠል በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። «ይሄማ የኛ ሰፈር አጥር ነው» አለ። ሜትሩም ወደ ኪሱ ገባ።

እዚህ ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ እዚያ ሐረጓ የብረቱን አጥር ይዛ አበበች። ጨዉም መጣ፣ ሙቀቱም መጣ፤ አንዲት ቅጠል ነው የረገፈችው። ካርቶኖቹ አልጋ ሥር ገቡ። የእኔ ብርድ ልብስም እዚያው አልጋ ሥር ተኝቷል።

ባለፈው እህቴ ደወለች። ተቆጥታለች።

«እትዬ፣ ሰውየው በረንዳዬን ቀማኝ!»

«ሊዘጋት ነው?»

«ምን ይዘጋታል! ከሥራ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ቀጥታ እዚያ ነው። ሻዩ እዚያ፣ ስልኩ እዚያ። ወንበሯ አንዲት! እኔ በሩ ላይ ቆሜ በትከሻው አሻግሬ ነው ባሕር የማየው። ደግሞ ለሰው ሲያወራ ‹እኔ ባልተዋት ኖሮ› ይላል፤ ሰማሽ? እሱ የተዋት!»

ሳቄ አላናግር አለኝ። «ታዲያ ቀድመሽው ተቀመጪያ!»

ወዲያው ከበስተኋላዋ ቁልፍ በበሩ ውስጥ ሲዞር ተሰማ።

«መጣ!» አለች። ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ጣሪያ፣ መጋረጃ፣ ሐምራዊ ነገር፣ ሰማይ ባንዴ አለፈብኝ። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቀጥሎ የእህቴ ፊት ከቅጠሉ መሐል ብቅ አለ፤ ታለከልካለች፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

«ተቀመጥኩ!»