ላጲስና እየተመለሰ ያስቸገራት ፕላን

የወንድሜን ልጅ "ላጲስ" ያሏት የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ባልደረቦች ናቸው። የሕንፃ ፕላን በወረቀት ይሠራ በነበረበት ዘመን ላጲሷን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥል ነበር አሉ፤ የተንጋደደ መስመር ካየች፣ የሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንኳ ቢሆን፣ ሳታጠፋው አታልፍም። በዚህ የተነሳ የሚወዷትም የሚሸሿትም ነበሩ። ኋላ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ፣ ወረቀቱም ቀረ፤ ስሙ ግን አብሯት መጣ። ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ድራ ብቻዋን ስትቀር የፊት ክፍሌን ሰጠኋት። ከመጻሕፍቴ በቀር ማንም የማይኖርበት ክፍል ነበር። መጻሕፍቱን ወደ አንድ ግድግዳ ገፋቻቸውና በመስኮቱ በኩል ሰፊ ጠረጴዛና ኮምፒውተር ተከለች። እኔም ጡረተኛ ነኝና እሷ ስትሠራ ማየት ሥራዬ ሆነ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ኢንጂነሩ ያሰላል፤ እሷ ስሌቱን ወደ መስመር ትለውጣለች፤ ፎርማኑ ደግሞ መስመሩን በብረትና በአርማታ ያቆመዋል። ድሮ በእሷና በፎርማኑ መካከል ወረቀት የሚያመላልስ ሞተረኛ ነበር። የተሻረ ወረቀት ግንባታው ቦታ፣ ሳይቱ ላይ፣ ይቀርና በእሱ ይሠራል፤ ከዚያ ማፍረስ ይመጣል። ይህ ነገር ሲያንገበግባት ኖሮ፣ ማንም ሳያዛት ራሷ ተምራ ሦስት መሣሪያዎችን አገናኘች፦ የእሷን ኮምፒውተር፣ ቢሮው ውስጥ ሳይጠፋ የሚውለውን የኢንጂነሩን ላፕቶፕና ሳይቱ በር ላይ የሚንጠለጠለውን የፎርማኑን ታብሌት። በአንዱ ላይ የተቀመጠ ፋይል በሦስቱም ይታያል፤ አንዱ ላይ ሲለወጥ ሁለቱ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ሦስቱም እኩል ሲሆኑ በስክሪኗ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል።

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ የተሻረ ፕላን የሚባል ነገር የለም" አለችኝ የጨረሰች ዕለት።

ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት ሳስተምር ኖሬ፣ ሦስት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ነገር ሲናገሩ ከመስማት የበለጠ የሚያስጠረጥረኝ የለም። ደስታዋን ላለማደብዘዝ ግን ዝም አልኩ።

ነገሩ የተፈጠረ ቀን ጠዋት ኢንጂነሩ ደወለ። የሚያሠራው ባለ አንድ ፎቅ የሕፃናት ማቆያ ነበር። ከኋላው ተሳፋሪ የሚጠራ ድምፅ ይሰማል፤ አውሮፕላን ሊገባ ነው።

"የደረጃው ማረፊያ እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ" አለ። "ልጆቹ ወጥተው የሚሰለፉት እዚያ ላይ ነው። አምስት ብረት አይሸከመውም፣ ሰባት ይሁን። አርማታው የሚፈስሰው ዛሬ ነው። ከመፍሰሱ በፊት ፎርማኑ አዲሱን ፕላን ማየት አለበት። ላጲስ፣ አደራ። ስልኬን ሊያዘጉኝ ነው።"

ወዲያው ተዘጋ።

ሁለቱን ብረቶች ጨመረች፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስተካከለች፣ አስቀመጠች። አረንጓዴው ምልክት በራ። እጆቿ ከቁልፍ ሰሌዳው እንዳይለዩ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ፎርማኑ ጋ ደወለች።

"ወንድም ዓለም፣ አዲሱን ፕላን አየኸው?"

"ከፊቴ ነው" አለ። ከጀርባው የአርማታ ማደባለቂያው ያጓራል። "ብረቱን አንድ በአንድ እያየሁ በጣቴ ታብሌቱ ላይ ምልክት እያደረግሁ ነው። አምስቱም በቦታቸው ናቸው።"

"ሰባት ነው እኮ!"

"አምስት ነው የምልሽ። ዓይኔንም እንደ መስመር ልታጠፊው ነው እንዴ፣ እህት ዓለም?"

ፋይሉን መልሳ ከፈተችው። የጨመረቻቸው ሁለት ብረቶች የሉም። በአምስቱ ላይ የፎርማኑ ቀይ የጣት ምልክት ተደርድሯል።

"ጋሼ፣ ሥዬ ነበር አይደል? ስሥል አይተውኛል አይደል?"

"በዓይኔ በብረቱ" አልኳት።

እንደገና ሣለች፤ አሁን አንድ ቅጂ ለብቻው ካስቀረች በኋላ አስቀመጠችው። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። አረንጓዴው በራ። ከፍታ ስታየው አሁንም አምስት ነው። ይባስ ብሎ ቀዩ ምልክት አንድ ጨምሯል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቅ ነበር። ኢንተርኔቱን አጥፍታ አበራችው። ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተችው። የይለፍ ቃሉን፣ የታብሌቱን የቀረ ቦታ፣ የፎልደሩን ፈቃድ ሁሉ አየች። የጠየቀችው ሁሉ "ደህና ነኝ" ይላታል።

"የታመመ ነገር ባገኝ ደግ ነበር" አለች በጥርሷ መካከል። "ሁሉም ጤነኛ ነው!"

እውነቷን ነው። ሦስቱ መሣሪያዎች ፍጹም ተስማምተዋል። የተስማሙት ግን በስህተቱ ላይ ነው፤ አረንጓዴው ምልክትም መስማማታቸውን እንጂ ትክክል መሆናቸውን የሚናገርበት አንደበት የለውም። ይህን ጮክ ብዬ ብናገር ኖሮ ማስመሪያ ትወረውርብኝ ነበር።

ስልኩን አነሳች። "ወንድም ዓለም፣ እባክህ ትንሽ አቁም። ፕላኑ ስህተት ነው።"

"በቃል አላቆምም።" ድምፁ ጠጠረ። "አምና በስልክ አቁም አላችሁኝ፣ አቆምኩ። አርማታው መኪናው ውስጥ ደረቀ። ማን አለህ ስባል ሁላችሁም አፋችሁን ያዛችሁ። ብቻዬን ተጠየቅሁበት። በጽሑፍ፣ በታብሌት አምጪው።"

"ፎቶ ልላክልህ?"

"በዚህ በቁልፍ ስልኬ? በአፉ ይነግረኝ እንደሆን እንጂ! ይኸው የታችኛዎቹን ደረጃዎች ሞልተናል፣ ወደ ላይ እየወጣን ነው። ማረፊያው ጋ ሳንደርስ የምታመጪውን አምጪ።"

ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ተንደረደረች፤ ከደፉ ላይ ቆመች። ሳይቱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ መንገዱ በዚህ ሰዓት በመኪና ተዘግቶ ይውላል። በርራም አትደርስም። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ለቀቀችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ቀስ ብላ፣ እንደ ሐኪም፣ ማንም የማያየውን የፋይሉን ዝርዝር ከፈተች። ስሙ፣ መጠኑ፣ የተቀመጠበት ሰዓት። እዚያ ላይ ፈዝዛ ቀረች።

"ጋሼ፣ የእጅ ሰዓትዎ ስንት ይላል?"

ነገርኳት። የግድግዳውን አየች፤ ያው ነው። የኮምፒውተሩን አየች፤ ያው ነው።

"ይሄ ፋይል የተቀመጠው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው" አለች።

"በፊት ማለትሽ ነው?"

"በኋላ! ገና ባልደረሰ ሰዓት ነው የተቀመጠው፣ ጋሼ። የታብሌቱ ሰዓት ወደፊት ሄዷል።"

ነገሩ አሁን ተገለጠ። ፕሮግራሙ ሁለት የማይመሳሰሉ ፋይሎች ሲያገኝ የሚመዝነው በሰዓታቸው ነው፤ የኋለኛው አዲስ ነው ብሎ በቀደመው ላይ ይጭነዋል። ፎርማኑ አሮጌውን ፕላን በጣቱ በነካ ቁጥር ታብሌቱ ገና ያልደረሰ ሰዓት ያትምበታል። እሷ አሁን የሣለችው ትናንት የተሣለ ያህል ተቆጥሮ ይሻራል። ሰውዬው ብረቱን ለመቁጠር በተጠነቀቀ መጠን ስህተቱን እያደሰው ነበር። በሰው ጥንቃቄ ላይ የቆመ ስህተት እንዴት እንደሚከፋ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አዲሱን ፕላን ስሙን ለውጣ ላከችው፤ ስሙ ሌላ የሆነ ፋይል የሚሽረው ተቀናቃኝ የለውም። ደወለች።

"አሁን አዲስ ስም ያለው ፕላን መጥቶልሃል። እሱን ክፈት።"

"መጥቷል" አለ። "ግን ሁለት ሆኑብኝ። ከላይ ያለው ያ የምሠራበት ነው። 'ሁለት ፕላን ካየህ ሰዓቱ የኋለኛ የሆነውን ያዝ' ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የኋለኛው ደግሞ ባለ አምስቱ ነው። እህት ዓለም፣ ማረፊያው ጋ ደርሰናል፣ የአርማታውን ቱቦ እያዞሩ ነው!"

"የታብሌትህ ሰዓት ልክ አይደለም!"

ማደባለቂያው ያጓራል።

"ሰዓቱ እዚህ ምን ዶለው?" አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። "ደግሞ ስልኩ በማጉያ ነው። ሰው አለ አጠገቤ።"

ላጲስ ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች። ገብቷታል።

"ጓንትህን አውልቅና ጆሮህ ላይ አድርገው" አለችው።

ኮሽታ ተሰማ። ከዚያ ትንፋሹ ከቅርብ መጣ።

"ሠራተኞቹ ጠዋት ይዘገያሉ" አለ እንደሚሾካሾክ። "ሲገቡ የሚያዩት በሩ ላይ ያለውን የታብሌቱን ሰዓት ነው። ትንሽ ገፋሁት። ሥራ እንዲቀድም ብዬ እንጂ…"

"ማታስ የምታስወጣቸው በየትኛው ነው?"

ጓንቱን ጭኑ ላይ ሲያራግፍ ተሰማ።

"በየትኛው ነው?"

"በስልኬ" አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

"ስማኝ" አለች። "አሁን አቁም። ማን አስቆመህ ቢሉህ ላጲስ በል። አርማታው ቢበላሽም ላጲስ በል፤ ጋሼ ምስክሬ ናቸው፣ አልክድህም። ለዚህ እኔ አለሁ። ሰዓቱን ግን ራስህ ትነግራቸዋለህ። እሱን አልሸከምልህም።"

"በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?"

"ልጆች የሚቆሙበት ነው ወንድሜ!"

ማደባለቂያው ሲያጓራ፣ አካፋ ሲፋጭ፣ አንድ ሰው "ልልቀቀው?" ብሎ ሲጮኽ ሰማን። ላጲስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። "ልልቀቀው ወይ፣ አለቃ?" አለ ያው ሰው እንደገና።

"ቁም!" የፎርማኑ ድምፅ ስልኩን ሰነጠቀው። "ቁም አልኩ! ቱቦውን መልስ!"

ጫጫታው እየሟሸሸ ሄደ። የአርማታ መኪናው ሾፌር ሲሳደብ ሰማን፤ "ይሄ ነገር ይደርቅብኛል፣ ጭንቅላታችሁ ላይ ልገልብጠው?" ይላል። ላጲስ ግን ጊዜ አልሰጠችም። ሰዓቱን ብቻ ማስተካከል እንደማይበቃ ታውቃለች፤ የወደፊት ሰዓት የታተመበት ፋይል እዚያው እስካለ ድረስ ያሸንፋል። በመጀመሪያ አሮጌውን ከፎልደሩ አስወጣችው። ከዚያ ሰዓቱን አስመለሰችው። ከዚያ አዲሱን አስከፈተችው።

"ቁጠርልኝ" አለችው። "በጣትህ አትንካ። በዓይንህ ብቻ።"

"አንድ… ሁለት…" እያለ ሄደ። "ሰባት።" ከዚያ "ሰባት ነው ለካ" አለ።

ያኔ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ ላብ አጥምቋታል።

ከሰዓት በኋላ አብሬያት ሄድኩ። የታችኛዎቹ ደረጃዎች እርጥብና ግራጫ ሆነው ተኝተዋል። የማረፊያው የጣውላ ሣጥን ግን አርማታ አልገባበትም፤ ሁለት ብረት አሳሪዎች ስድስተኛውንና ሰባተኛውን በሽቦ ያስራሉ። የተረፈውን አርማታ ለአጥሩ መሠረት አውለውታል። ፎርማኑ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየን ሄልሜቱን አወለቀና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። ከመናገሩ በፊት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የዚህን ታብሌት ሰዓት ወደፊት የገፋሁት እኔ ነኝ" አለ።

ከላይ፣ ከማረፊያው፣ ሽማግሌው ብረት አሳሪ ሽቦውን ከአፉ ሳያወጣ "እናውቃለን" አለ።

"ምን?"

"ሁላችንም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ እኮ አለቃ። ምሳ ላይ የምንቆየው እንጀራው አልዋጥ ብሎን መስሎሃል?"

ሳይቱ በሳቅ ተናጋ። አሸዋ የሚያጣሩት ወንፊታቸውን ጥለው ሳቁ። ፎርማኑ እንደ ደረቀ አርማታ ቀጥ ብሎ ቀረ። ላጲስም አልሳቀችም።

"አውቃችሁ ዝም አላችሁ?" አለች። ድምፅዋ ሳቁን ቆረጠው። "ከናንተ አንዱ አፉን ከፍቶ ቢናገር ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር!"

ሽማግሌው አሁን ሽቦውን ከአፉ አወጣ። "ልጄ፣ ሰዓት መግፋት ብረት እንደሚያጎድል እኛ በምን እናውቃለን? አንቺስ ታውቂ ነበር?"

ታብሌቱን በሩ ላይ የሰቀለችው፣ "የኋለኛውን ያዝ" የሚለውን ሕግም ያወጣችው እሷ ናት። መሰላሉን ወጣች። ማረፊያው ላይ ተንበርክካ እያንዳንዱን ብረት በጣቷ እየነካች ጮክ ብላ ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ነገ አርማታውን ስታፈስሱ እኔም እመጣለሁ" አለችው ፎርማኑን።

"በስንት ሰዓት?" አለ፣ ሳያስበው።

ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ አሁን እሱም አብሮ ሳቀ፣ እኔም አልቀረሁም። ዓይኔን ጠርጌ ላጲስን ስፈልጋት፣ ተመልሳ ተንበርክካለች። ከወዲያኛው ጫፍ ጀምራ ብረቶቹን እንደ አዲስ ትቆጥር ነበር።