ወንዙ የጣለው እንሰት

ባሕር አይቼ አላውቅም። የጂኦግራፊ መምህራችን ማዕበል ምን እንደሚመስል በእጁ እያወዛወዘ ሲያሳየን፣ ይሄ ለቦንጋ ልጅ ምን ሊረባው ነው ብዬ ነበር። በዚያ ሐምሌ ገባኝ። ነፋሱ በጫካው በኩል ዛፍ እየገነደሰ መጣ። ዝናቡ ሳያባራ፣ ከቤታችን ግርጌ ያለው ወንዝ ጀርባውን አሳብጦ ተነሳና ጓሯችንን እየደጋገመ መታው። ውሃው ሲጎድል የእናቴ እንሰት በሙሉ ተጋድሟል። ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀ የማናውቀው የንብ ቀፎ ደጃችን ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጧል።

በማግስቱ ከቀበሌ አንድ ባለሙያ መጣ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው።

«እትዬ፣ እዚህ የቀረ ነገር የለም። ዳገቱ ላይ ቦታ ይሰጥዎታል። ይሄኛው ባዶ መሬት ተብሎ ይያዛል፤ ጥቅምት ላይ መጥቼ እረከባለሁ።»

«ጥቅምት ይምጡ» አለች እናቴ።

የሰፈሩ ሴቶች ለዳፎ መጡ፤ ደቦን በካፋ እንዲህ ነው የምንለው። የወደቀ እንሰት ቶሎ ካልተፋቀ ይበሰብሳል። እነሱ ሲፍቁ እናቴ ትልልቁን ሥር፣ ተቀቅሎ የሚበላውን አሚቾ፣ ወደ ጎን ታስቀምጥ ጀመር። ጎረቤታችን አየቻት።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ልተክለው።»

«በሐምሌ? እንሰት በበጋ ነው የሚተከል። ልጅሽ ምን ልትበላ ነው?»

«ግጥሟን ትብላ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረች፤ «በይ ገጣሚዋ፣ ወንዙን ስደቢልን።»

«የዋጥከው ቅጠል ነው፣ ሆድህን አይሞላ፤
ሥሩ እኛ ጋ ቀርቷል፣ ይበቅላል በኋላ» አልኩት።

«ጮክ በይ፤ እሱ እንደሆነ ደንቆሮ ነው» አለችኝና ራሷ መቆፈሪያ አነሳች።

ከአንዱ ብዙ እንዲበቅል የየአሚቾውን ልብ ቦርቡረን እበት ሞላንበት፤ ወንዙ በገመጠው ዳር ዳር ቀበርነው። ያን ክረምት አብዛኛውን በጎመን ገፋነው። ወንዙ ተመልሶ መጥቶ የተወሰነውን ቆፍሮ ወሰደ። እናቴ ለምግብ ካስቀረችው ላይ አንስታ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ቀበረች። እኔ አፈሩን በእግሬ ጠቀጠቅኩ።

ጥቅምት ላይ ሰውየው መጣ። ሣሩን እየረገጠ እስከ ወንዙ ዳር ወረደና ዙሪያውን ቃኘ።

«እንዳልኩዎት ነው እትዬ፤ ባዶ ነው።»

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እግርዎን ያንሱ። እንሰት ላይ ቆመዋል።»

አንድ እግሩን አነሳ። ከጫማው ሥር የተጠቀለለ ቡቃያ ተጎንብሶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከጎኑ ሌሎች፣ ከዚያም ወዲያ ሌሎች፣ በየጉድጓዱ ዙሪያ ተኮልኩለው ወጥተዋል። ያነሳውን እግር የት እንደሚያሳርፍ ጠፋበት። እናቴ ያኔ ተነሳችና ቡቃያ የሌለበትን መውጫ በጣቷ አሳየችው።