ደመወዝ ያለው ዋስ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደወለችልኝ። ለባንክ ጀማሪ ሠልጣኝነት ተፈትና አልፋለች፤ የቀራት ዋስ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ደመወዝ ያለው ሰው አምጪ አሉኝ» አለች። እሆንሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ለብቻዬ ተበሳጨሁ። ዛሬም ያው ነው ማለት ነው።

እኔ ሕግ ተምሬ በተመረቅሁበት ክረምት ለሁለት ቦታ አመልክቼ ነበር፤ አንዱ የዕጩ ዳኞች ሥልጠና፣ ሌላው ባንክ። የዕጩ ዳኞቹ ውጤት ሲለጠፍ ስሜ አልነበረበትም። ባንኩ ግን ተቀበለኝ፤ እስከ ዓርብ ድረስ ደመወዝተኛ ዋስ ካቀረብሁ። ደብረ ኤልያስ ያሉት ዘመዶቼ ገበሬና ካህን ናቸው። ደመወዝ ያለው አንድ መምህር ነበር፤ እሱም ለሚስቱ ወንድም ፈርሟል።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ምትኩ ይህን ሰምተው ሳቁ። «እኔ በቁሜ እያለሁ ዋስ ፍለጋ ትዞራለህ?»

መሳቃቸው ትክክል ነበር። በአገራችን ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ሲታረቁ፣ ዳግም ጠመንጃ እንዳይነሣ ዋስ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ዋስትና ታርቆ ቃሉን ያፈረሰ ሰው አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ወርደን ገፋን፤ እሳቸውም ገፉ። ባንኩ ስንደርስ ነጩ ጋቢያቸው ግማሹ ቡኒ ሆኖ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ወጣትና ትሑት ሰው ነው። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው። «አባቴ፣ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ደመወዝ ከሌለ ሲስተሙ አይቀበልም።»

«ሲስተም የምትለው የማን ልጅ ነው?» አሉት አያ ምትኩ። «ጥራልኝና ላነጋግረው።»

የሳቀ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ።

መናኸሪያው አጠገብ ትኩስ የድንች ቅቅል በበርበሬ ገዛሁ። እሳቸው አንዱን ልጠው ለረጅም ጊዜ ሳይበሉት ያዙት። «እኔ ደመወዝተኛ ብሆን ኖሮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያን ሁሉ ሰው ማን ያስታርቀው ነበር?»

ዓርብ አለፈ፤ ቦታዬም ለተጠባባቂ ተሰጠ። ከወራት በኋላ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዋስ ሳይጠይቅ ቀጠረኝ። ዘጋቢ የሆንሁት እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ የባንክ ገንዘብ ይዘው የጠፉ ሠራተኞችን የፍርድ ቤት ጉዳይ ደጋግሜ ዘግቤያለሁ። ደመወዝተኛ ዋስ ያልነበረው ግን አንድም አላጋጠመኝም።

ትናንት ለእህቴ ልጅ ፈረምሁ። መሥሪያ ቤቴ የጻፈልኝ ደብዳቤ ደመወዜን ይገልጽና ለሌላ ሰው ዋስ መሆን እንደማልችል ያክላል። የእኔ ደመወዝ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሟ ሕግ ተምሮ በመጪው ዓመት ይመረቃል፤ ከወዲሁ ደመወዝተኛ ማፈላለግ ጀምሬያለሁ።