የሞተሩ መሐላ

ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ዐረብ አገር ሄድኩ። አምስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ፣ በያዝኩት ሁሉ ለወንድሜ አሮጌ ሚኒባስ ገዛሁለት። እሱ ከከተማችን ከሐይቅ ደሴ እየሠራበት ቤታችንን ሊደግፍ ነበር። የሸጠልን እዚያው ሐይቅ የሚኖር መኪና ነጋዴ ነው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ። ሞተሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢበላሽ ነጋዴው ሊያሠራልን፣ ሌላ ሰው ሞተሩን ከፈታው ግን ዋስትናው ሊቀር ውል ተጻፈ። መኪናው በስሜ ስለሆነ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ይህን የነገረኝ ወንድሜ ነው። እኔ መኪናው ላይ የተሳፈርኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ያን ቀንም ቴፑ ተከፍቶ ነበርና ከዘፈኑ ሌላ የሰማሁት የለም። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ነጋዴው ዘንድ ተመላለሰ። መጀመሪያ ሜካኒኬ ኮምቦልቻ ነው አለው። ቀጥሎ ሐዘን ላይ ነኝ አለው። በሦስተኛው መንገዱ ሰላም ይሁንና አሠራዋለሁ አለው። መንገዱ ሰላም ሳይሆን ጦርነቱ እኛው ዘንድ መጣ።

ያን ሰሞን መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያደረገውን ወንድሜም አደረገ። ታጣቂ አስነሥቶ እንዳይወስደው የናፍጣውን ፓምፕ ከሞተሩ ፈታና በፌስታል ጠቅልሎ ጓሮ ቀበረው። ከዚያ አምባሰል ገጠር ዘመድ ቤት ሸሸን። ስንመለስ መስታወቱ ረግፏል፣ ወንበሮቹም የሉም፤ መኪናው ግን በቦታው ቆሟል። ወንድሜ ፓምፑን ቆፍሮ አውጥቶ ሲገጥም ደስታው ልክ አልነበረውም። ሞተሩ ተነሣ፣ ጥቂት አንኳኳ፣ ከዚያ ድርቅ ብሎ ቀረ።

ነጋዴው መጥቶ አየው። ፓምፑን ማን እንደፈታው ጠየቀ፤ ወንድሜም እኔ ነኝ አለ።

«እንግዲያው ውሉን አንብቡት» ብሎን ሄደ።

ወንድሜ ለወራት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠና አንድ ቀን ሳይነግረን በጅቡቲ በኩል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

ነገሩን ሽማግሌ ፊት ያቀረበው አጎቴ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ከመስጊዱ አጥር ጥግ ተቀመጡ። እኔ ሻርፔን እስከ አፌ ስቤ ከአጎቴ ኋላ ተቀመጥኩ። አጎቴ ነጋዴውን፣ ያን ሰሞን ሐይቅ ውስጥ ፓምፕ ያልቀበረ ማን አለ፣ አንተስ የሁለት መኪና ፓምፕ ቀብረህ አልነበረም ወይ አለው።

«የኔዎቹ መች ዋስትና አላቸው» አለ ነጋዴው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

ወንድሜ ሦስት ጊዜ ስለመመላለሱ ነጋዴው ሲጠየቅ፣ መጥቶ ይሆናል፣ ደጄን የሚረግጠው ሰው ብዙ ነው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ነገር ከማብዛት ባለቤቲቱ ትማል። ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት ሞተሩ ያንኳኳ ነበር ብላ ቁርአን ትምታ። ወላሂ፣ ነገውኑ አሠራዋለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ፣ «በይ ልጄ፣ በጆሮሽ ሰምተሻል?» አሉኝ።

ወንድሜ ሰምቷል። ወንድሜ ደግሞ ዋሽቶኝ አያውቅም። ግን በሌላ ሰው ጆሮ ቁርአን አይመታም። ነጋዴው ይህን ያውቃል። አባቴ እውነት በሆነ ነገር እንኳ መማል የሚፈራ ሰው መሆኑን፣ እኔም በእሱ እጅ ማደጌን ያውቃል። የምምል ቢመስለው ኖሮ ትማል አይልም ነበር።

«እኔ አልሰማሁም» አልኩ። ያን ቀን ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው። አጎቴ አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌዎቹ መኪናው በእኔ ላይ እንዲቀር ወሰኑ። ከዚያ ትልቁ፣ ከአንድ ሰፈር ናችሁና ቂም ይዛችሁ አትኑሩ፣ አፉ በይው፣ ይቅር በይው አሉኝ። መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ። ደግመው አሉኝ። አሁንም ዝም አልኩ።

«ዓይን አፋር ናት። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት።

ወዲያው እጅ ሁሉ ለዱዓ ተዘረጋ። ከሁሉም ጮክ ብሎ አሚን ያለው ነጋዴው ነው።

መኪናውን ብረት ገዢዎች ቆራርጠው ወሰዱት። ነጋዴው ዛሬም ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ይጠይቀኛል፤ አላህ ወንድምሽን በሰላም ያምጣልሽ ይለኛል። ታረቁ ተብሎ ተወርቷልና ሰው ያየኛል፤ አንገቴን ነቅንቄ አልፋለሁ። አፉ ግን አላልኩትም።