ስምንት ዓመት የጠበቀን ካላንደር

ባለፈው እሁድ ልጄ ፀሐይ የመታው በረንዳ ላይ ውሃ ደፋችና ከሲሚንቶው የተነሳው ሽታ ይዞኝ ሄደ። እናታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በነበረው ቤታችን ወለል ላይ በየቀትሩ የምትረጨው ውሃ ሽታ ነበር። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ከተማው በሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ እኛ እርጥቡ ወለል ላይ በሆዳችን ተኝተን አባባ መጽሐፍ ያነብልን ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚታይ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጤና የለውም እንል ነበር።

አባባ በጅቡቲ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ስለነበረ ፈረንሳይኛውን ያገኘው ከሥራው ነው። መጽሐፉን የገዛው ጅቡቲ፣ መንገድ ዳር አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። በታሪኩ አንድ ወንድምና እህት በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያለ አሳንሰር ውስጥ ይገባሉ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ሌላ ፎቅ ላይ ሳይሆን ሌላ ዘመን ላይ ያወጣቸዋል። በሩ አንዴ ሲከፈት ፒራሚድ የሚሠሩ ሰዎች፣ ሌላ ጊዜ ሲከፈት ዋሻ ግድግዳ ላይ ከብት የሚስሉ ሰዎች ቆመው ይጠብቋቸዋል። አሳንሰር የሚባል ነገር አይተን ስለማናውቅ አባባ «ሰው የሚጫንበት ቁም ሳጥን በሉት» ብሎ አስረዳን፣ የአምስት ዓመቷ እህቴ ቲቲም ልብስ እያወጣች ቁም ሳጥኑ ውስጥ መግባት ጀምራ እናታችንን አሳሯን አበላቻት።

አባባ ፈረንሳይኛውን እያየ በአማርኛ ያነባል፣ አማርኛው ሲጠፋው በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይሞላዋል፣ እኛ ሁሉንም እንሰማለን። በየምዕራፉ መጨረሻ ሰዎቹ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ያንን የሚያህል ድንጋይ በምን እንደጎተቱት የሚያስረዳ ገጽ ነበረበት፣ እዚያ ሲደርስ አባባ ድምፁን ዝቅ ያደርግና እኛም አፋችንን ከፍተን ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። የሁላችን ታላቅ፣ መስፍን፣ ግዙፍ ሰው ሆኖም ከጨዋታው አይቀርም፤ አሳንሰሩ ሲከፈት የቁም ሳጥኑን በር በቀስታ እየሳበ ሲጢጥ ማሰኘት የእሱ ሥራ ነበር። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከበሩ ወዲያ እውነት አንድ ዘመን ያለ እየመሰለኝ ክንዴን ውርር ያደርገኝ ነበር።

መጽሐፉ አንድ ሕግ ነበረው። ወደፊት ሄዶ የተመለሰ ሰው ያየውን ለቀሩት አይናገርም፣ ከተናገረ አሳንሰሩ ዳግመኛ አይከፈትለትም።

በዚያው በጋ መስፍን ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ። መጀመሪያ ከማሠልጠኛው፣ ቀጥሎ ከሰሜን ደብዳቤ ይልክ ነበር፣ ከዚያ ቆመ። አባባ ማንበቡን አልተወም፣ ግን በሩ መከፈት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ስለሚል ቲቲ እየተነሳች የቁም ሳጥኑን በር ትስበው ጀመር። ቁመቷ እጀታው ጋ ስለማይደርስ ከሥሩ ነበር የምትስበው።

ታኅሣሥ ሲያልቅ አባባ ከጅቡቲ የመርከብ ሥዕል ያለበት ካላንደር ይዞ መጣ። አናቱ ላይ 1985 ይላል፣ እኛ ገና 1977 ላይ ነን። «ባቡሩ ድንበሩን፣ ደወሌን ሲያልፍ ስምንት ዓመት ወደፊት ይሄዳል» አለን ፊቱን ኮስተር አድርጎ፤ «ይህን እንዳትጥሉት፣ ስንደርስበት እንጠቀምበታለን።» እናታችን መስፍን ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችና «አቦ፣ ልጆቹን አታሳብድብኝ» ብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። እኔ ትምህርት ቤት የፈረንጅ አቆጣጠር የተለየ መሆኑን ተምሬአለሁ፣ ቢሆንም አባቴ ሰባ ሰባት ላይ ቁርሱን በልቶ ሰማንያ አምስት ላይ እራቱን የሚበላ ሰው መሆኑ ያስደንቀኝ ነበር። ያን ሰሞን የትኬት ቦርሳውን ሳቀብለው እንኳ በሁለት እጄ ነበር።

ቲቲ ግን ነገሩን እንዳለ አመነችው። በሚቀጥለው ጉዞው ጠዋት በሩ ላይ ሱሪውን ይዛ «አባባ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ያውቃሉ አይደል? መስፍን ተመልሶ እንደሆነ ጠይቃቸው» አለችው። አባባ ራሷን ዳበሳትና ወጣ።

የተመለሰ ዕለት ቀትር ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ሲገልጥ ቲቲ በእጇ ሸፈነችበትና «ጠየቅካቸው?» አለች። እናታችን ጥግ ላይ ሆና የደንብ ልብሱን ቁልፍ ትተክል ነበር። አባባ ቀልዱ እዚህ ይደርሳል ብሎ አላሰበም፤ አዎ ቢል ዋሸ፣ የለም ቢል ልጁን ቀበረ። «የመጽሐፉ ሕግ ምን ነበር የሚለው?» አላት።

«ያየ አይናገርም።»

«እንግዲህ» አለ አባባ፣ ቀስ ብሎም እጇን ከመጽሐፉ ላይ አነሳው።

ቲቲ ፊቱን እያገላበጠች አየችውና፣ ያየውን አይቷል ብላ ይመስለኛል፣ ደስ ብሏት ተኛች። እኔ የማየው ግን እናቴን ነበር። መርፌዋ አየር ላይ ቆሞ፣ ዓይኗን ከአባባ ላይ ሳትነቅል፣ እንደ ቲቲ መልሱን ትጠብቅ ነበር፤ ካላንደሩን ጠንቅቃ የምታውቀው፣ በቀልዱ የሳቀችው እናቴ። ከዚያ ወዲህ አባባ ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ዕቃውን ከመቀበሏ በፊት ፊቱን ታየው ነበር።

ክረምቱ ገብቶ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲያጉረመርም መጽሐፉ አለቀ፣ እኛም ከመጀመሪያው ጀመርነው፤ በሌላው ዓመትም፣ በሌላውም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ ሲመለስ እናታችን ከጣቢያው ደጃፍ አትጠፋም ነበር፣ የሌላ ሰው ልጅ ሲመጣ አይታ ትመለሳለች። ካላንደሩን ማንም አላወረደው፣ መርከቡ ከፀሐዩ የተነሳ ነጭ ሆኖ ነበር።

ከዚያ የእኛም 1985 ገባ። በእንቁጣጣሽ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እናቴ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭታ ስትጨርስ አባባ ፊት መጥታ ቆመች። እኔና ቲቲ ልጃገረዶች ሆነናል፣ እሷ ግን እኛን አላየችም።

«ደርሰንበታል እኮ» አለችው፤ «አሁን ሕጉ አይከለክልህም። ንገረኝ።»

አባባ ዓይኑን ወደ ካላንደሩ አነሳና «አላየሁትም» አላት። ቀጥሎም «በሄድኩ ቁጥር ግን ፈልጌዋለሁ» አለ። እናቴ አጠገቡ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች፣ መስፍን ከሄደ ጀምሮ ያላለቀሰችውንም ያን ቀን አለቀሰች።

አሁን እኔም ለልጄ ከዘመን ዘመን የሚጓዙ ልጆችን ታሪክ አነብላታለሁ። መጽሐፎቿ ባለቀለም ናቸው፣ ሁለቱንም አቆጣጠር በስልኬ ላይ ጎን ለጎን ታያቸዋለች፣ ልዩነቱ የመቁጠር ጉዳይ እንደሆነ ስለምታውቅ አይደንቃትም። ለእኛ ያኔ መጪው ዘመን ከደወሌ ወዲያ ያለ፣ አባታችን ጠዋት ሄዶበት የሚመለስ አገር ነበር። ታሪኩ ውስጥ በር የሚከፈትበት ቦታ ስደርስ እጄ ሳላዘው ወደ ቁም ሳጥኑ ይሄዳል፣ ልጄም ለምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ሲጢጥታውን ጸጥ ብላ ትጠብቃለች።