በልብስ ማጠቢያ ክፍል የዘፈንኩበት ጁምዓ

ኮሮና መጥቶ ጅዳ ውስጥ ከቤት መውጣት ሲከለከል፣ በአንድ ቤት መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ማዳሟ፣ ባሏና አራት ልጆቻቸው ላይኛው ፎቅ ይኖራሉ። የማዳሟ እናት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ምድር ቤት ነው የሚተኙት። እሳቸውን ሁላችንም «ማማ ከቢራ» እንላቸዋለን፤ ትልቋ እማማ እንደ ማለት ነው። መካ ተወልደው ያደጉ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። ሻያቸው ውስጥ የናዕናዕ ቅጠል ካነሰ ግን ይቆጣሉ።

ከቤቱ ውጪ አንድ ጓደኛ ብቻ ነበረችኝ። የተዋወቅነው ሸረፊያ ገበያ፣ ማዳሜ የጨርቅ ዋጋ ስትከራከር እኔ ዕቃ ይዤ በቆምኩበት ሱቅ ነው። ጠጋ ብላ በተኮላተፈ አማርኛ «ሐበሻ ነሽ አይደል?» አለችኝ። አያቷ ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። እሷ መካ ተወልዳ፣ ከእናቷ የተማረችውን ክብ የቆዳ ከበሮ፣ ደፍ፣ የሴቶች ሠርግ ላይ እየመታች ትዘፍናለች።

«እኔ ዘፋኝ ነኝ» አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር። እኔ ደንግጬ ማዳሜ ሰምታ እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። አገሬ ሳለሁ የቀዬው ሠርግ ያለኔ አይደምቅም ነበር፤ ጅዳ ከገባሁ ወዲህ ግን ዘፋኝ እንደነበርኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእሷ ነገርኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስልክ ድምፅ እንላላክ ነበር።

ሠርግ ሁሉ ሲቀር አንድ ጠዋት እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰኝ፦ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ደፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያየኝ ይውላል። ወላሂ አሳዘነኝ። ፌስቲቫል እናድርግ።»

«ምንድነው እሱ?»

«ሴት ብቻ የምትዘፍንበት ነዋ! በስልክ፣ በላይቭ፣ ሁላችንም ካለንበት ቤት። ፊት አይታይም፣ ስም አይጠራም። አብሽሪ፣ ማንም አያውቀንም።»

ሰባት ሴቶች ሆንን። አብዛኞቻችን የሰው ቤት ሠራተኞች ነን። ቀኑን ጁምዓ አደረግነው፤ ከምሳ በኋላ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ቤቱ ሁሉ ስለሚተኛ። ልምምዴን ምንጣፍ በማሽን በምጠርግበት ሰዓት አደረግሁ። ማሽኑ ሲጮህ እኔም ድምፄን ለቀቅ አደርጋለሁ፤ እሱ ዝም ሲል እኔም ዝም እላለሁ።

ጁምዓ ደረሰና ምድር ቤት ካለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስልኬን ማድረቂያው ሽቦ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅዬ፣ ከፊቱ እርጥብ አንሶላ የተነከረበትን ሰማያዊ ሳፋ አደረግሁ። የሚታየው ሳፋው ብቻ ነው። ከእኔ በፊት የዘፈነችው አንድ ሳሕን ቲማቲም አሳየች፤ ከጣኢፍ የገባችው ደግሞ የሚሽከረከር ቬንትሌተር። አንድ ተመልካች «ዘፋኞቹ የየት አገር ናቸው?» ብሎ ጻፈ። ጓደኛዬ ሳቀችና «ከኩሽና ናቸው» አለች።

ተራዬ ሲደርስ ዐይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ፦

ደመና ወረደ ካገሬ ሰማይ፣
እኔን ፈጀኝ እንጂ የጅዳው ፀሐይ።

ሦስት አራት ስንኝ እንዳልኩ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ስጨርስ ስክሪኑ ላይ ልብ በልብ ሆነ። ቀጥሎ ጓደኛዬ ደፏን አነሳች። እሷ እየመታች ሳለ በሩ ተከፈተ፤ ማማ ከቢራ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

ስልኩን ለማጥፋት ዘለልኩ።

«ተይው!» አሉኝ። «አትዝጊው።»

የመተኮሻዬን ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ጣታቸው ከዘራው ላይ አብሮ ይመታል። ምቱ ሲያበቃ ስልኩን አውርደው ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሰው ሁሉ እየሰማ መሆኑን አያውቁም።

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ። «መካ ውስጥ እንዲህ አድርጋ የምትመታ አንዲት ሐበሻ ነበረች። መሐል ላይ ሁለት ምት ትዘላለች። በኔ ሠርግ ላይ መትታለች፤ ያኔ ገና ልጅ እግር ነበረች።»

«እናቴ ናት» አለች ጓደኛዬ።

«በሕይወት አለች?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለች። እዚሁ አጠገቤ ተኝታ ትሰማዎታለች።»

ማማ ከቢራ መዝፈን ጀመሩ። የድሮ የመካ የሠርግ ዘፈን ነው። ድምፃቸው ይሰነጠቃል፣ ትንፋሽም ያጥራቸዋል፤ ግን አላቋረጡም። ጓደኛዬ በደፏ ተቀበለቻቸው። እኔ ሳፋው አጠገብ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል።

በማግስቱ ማዳሜ ድምፁን ካወቀችው የአክስቷ ልጅ ሰምታ መጣች። «የእናቴን ድምፅ ለዓለም አሰማሽ! ዓይብ፣ ነውር አይደለም?» ብላ ስልኬን ወሰደች። አምስት ቀን ያለ ስልክ ቆየሁ። ወደ አገሬ ልትሸኘኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ ማማ ከቢራ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ልጃቸውን «የዘፈንኩት እኔ ነኝ። የኔንም ስልክ ውሰጂዋ» አሏት። ማዳሜ ተነስታ ስልኬን አመጣች። ፊቴን ሳታይ «ኸላስ፣ በቃ» ብላ እጄ ላይ አኖረችው።

ስከፍተው የእናቴ መልእክት ጠበቀኝ። እህቴ ላይቩን ከፍታ አሰምታታለች። እናቴ ያለችው ይሄን ብቻ ነው፦ «ድምፅሽ ወፍሯል። ምግብ ይሰጡሻል ማለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

መንገድ ሲከፈት ማማ ከቢራ «መካ ውሰዱኝ» አሉ። ሾፌሩ እሳቸውንና እኔን ይዞ ወጣ። ሹመይሲ የሚባለው ኬላ ጋ ስንደርስ፣ ወረቀቴ የተሟላ ሆኖ ሳለ፣ እጄ ሳላዘው ቦርሳዬ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ጨበጠ። የጓደኛዬ ቤት ዳገት ላይ ስለሆነ ወንድሞቿ ማማ ከቢራን በወንበር ተሸክመው አወጧቸው።

ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ለረጅም ጊዜ ተያዩ።

«አላወቅሁሽም» አሉ ማማ ከቢራ።

«እኔም» አሉ የጓደኛዬ እናት። «ደፉን ስመታልሽ ግን ታውቂኛለሽ።» መሐል ላይ ሁለት ምት እየዘለሉ መቱ። ከዚያ በኋላ እስከ መግሪብ ሶላት የሞተውንና ያለውን ሰው ሲያነሱ ዋሉ።

ሻይ ተጠጥቶ ሲያልቅ እንደ ልማዴ ብርጭቆ ልሰበስብ ተነሳሁ። ጓደኛዬ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ቁጭ በይ፤ ዛሬ እንግዳ ነሽ።» በዚያ አገር ሰው ሻይ ሲቀዳልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ፌስቲቫሉ አልተደገመም። ሠርጉ ተመለሰ፣ ሰባታችንም ተበታተንን። ላይቩንም ፈርተን ስላላስቀመጥነው ዛሬ የትም አይገኝም። እኔ በዓመቱ አገሬ ገባሁ፤ አሁን ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ማማ ከቢራ ከሄድኩ በኋላ ማረፋቸውን የነገረችኝ ጓደኛዬ ናት፤ አላህ ይዘንላቸው።

እሷ አሁን ሴቶች ልጆቿን ደፍ ታስተምራለች። አማርኛ ስለማያውቁ የወሎ ስንኝ በድምፅ እንድልክላቸው ትጠይቀኛለች። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ እልካለሁ። እነሱም ዘፍነው ይመልሱልኛል። «ጨ» አይወጣላቸውም፤ ጨረቃን «ሸረቃ» ይሏታል። አላርማቸውም።